ላፕቶፔ ግዕዝ ሲጽፍብኝ

አራት ኪሎ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። የድሮው ላፕቶፔ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በሚጎርፍበት ሰሞን ድርግም ብሎ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ያመጣውን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁት። ንጹሕ ዕቃ ነው፣ ባትሪውም ይይዛል። ኪቦርዱን ልብ ብዬ አላየሁትም።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ አንድ አዛውንት መሪጌታ ነበሩ። የይዞታ ማረጋገጫ ማመልከቻ ነው። እኔ ስጽፍ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ እንጂ ጣቴ ላይ አይደለም። ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁና «ዘአራዳ ክፍለ ከተማ» ብለው አነበቡ። «ልጄ፣ በግዕዝ ጻፊልኝ አላልኩሽም እኮ» አሉኝ። «ዘዝዮታ ማረጋገጫ» ላይ ሲደርሱ ግን «ይሄስ ግዕዝም አይደለም» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ጉዱ ይሄ ነው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው አልፎ አልፎ የምትመጣ ጣጣ ናት። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በድምፁ ለምንጽፍ ግን ዋይ ማለት «የ» ናት። ማመልከቻ ደግሞ ያለ «የ» አንድ መስመር አይሄድም። ቦታዋን «ዘ» ሲወስድባት፣ ግዕዝም የእኛን «የ» «ዘ» ስለሚል፣ መሪጌታው እውነታቸውን ነው። ሲሳሳቱ ወደ ኋላ መመለሻው ኮንትሮል ዜድም አብሮ ተቀይሯል። ጣቴ በለመደበት ቦታ ሲጫን ኮንትሮል ዋይ ይሆንና፣ ወደ ኋላ የመለስኩትን ስህተት እንደገና ያመጣልኛል።

ጣታችሁን እንደ አዲስ ለማስተማር አትልፉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የኪቦርድ አቀማመጥ ቀይሩት። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዚያ ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን ግቡ። ከእንግሊዝኛ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ላንጉዌጅ ኦፕሽንስን ክፈቱ፣ ዩኤስ የሚለውን ኪቦርድ ጨምሩ። የጀርመኑን እዚያው አጥፉት። ከተዋችሁት የዊንዶውስ ምልክቷንና ስፔስን አንድ ላይ በነካችሁ ቁጥር ተመልሶ ሊመጣባችሁ ይችላል። ከዚህ በኋላ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሌላ ነው። ሳያዩ ለሚጽፉ ግን ልክ የድሮው ነው።

አሁን ፓስወርድ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ነው። ማታ የሠራልኝ ፓስወርድ ጠዋት እምቢ አለ፣ በር ላይ ሦስት ተማሪ ቆሟል። መግቢያው ስክሪን ለካ የራሱ ኪቦርድ አለው፤ እሱ ገና ጀርመን ነው። ፓስወርዴ ውስጥ ያለችውን የኢሜይሏን «አት» ምልክት ሺፍትና 2 ብዬ ስጽፍ ትምህርተ ጥቅስ ይጽፍልኛል። ስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ቋንቋውን የሚያሳዩ ሦስት ፊደላት አሉ። እነሱን ነክታችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ፓስወርዱ አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክትም ተጭናችሁ የጻፋችሁትን እዩት። ለዘለቄታው አድሚኒስትሬቲቭ ላንጉዌጅ ሴቲንግስ ውስጥ ኮፒ ሴቲንግስ የሚል አለ፤ ዌልካም ስክሪን (መግቢያው ስክሪን) የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ።

የምታግዘኝ ልጅ ኪቦርዱን እያየች ነው የምትጽፈው። አንድ ጥገና ቤት ቁልፎቹን ነቅለን እናቀያይራቸው ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ከሥራቸው ያለችው ፕላስቲክ ቀጭን ናት፣ ከተሰበረች ጣጣው ለኔ ነው። ነጭ ፕላስተር በመቀስ ቆርጬ፣ በእስክሪብቶ አንዱ ላይ «የ»፣ ሌላው ላይ «ዘ» ጽፌ ለጠፍኩ። ሲቆሽሽ እቀይረዋለሁ።

ያልተፈታልኝ የግራው ሺፍት ነው። አጭር ነው። ከጎኑ የአሜሪካው ኪቦርድ ላይ የሌለች አንዲት ትርፍ ቁልፍ ተሰክታለች፣ በዩኤስ አቀማመጥ ወደ ኋላ የተጋደመች ሰረዝ ትጽፋለች። እኔ ጋ የተጻፈ ማመልከቻ ላይ እንዲህ ያለች ሰረዝ ያለ ቦታዋ ካገኛችሁ፣ ትንሿ ጣቴ ናት።