194,313ን እንዴት እንበትነዋለን?

ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጎረቤቴ ተከራይቶ የሚኖረው ዲያቆን ከዲማ የመጣ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ይማራል። በቀደም ማታ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ዐውደ ቀመሩ በቀን ሲቆጠር ስንት ይሆናል?» አለኝ። መልሱ ስድስት አሃዝ ቢሆንም በእስክሪብቶ የሚፈታ ነው። ስልካችሁን አታውጡ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እወቁ። እኔ ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው፤ ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል። ዐውደ ቀመር በዓላቱ በዚያው ቀንና ዕለት ተመልሰው የሚውሉበት ዙር ነው፤ 532 ዓመት። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን አራት ዓመት 1,461 ቀን አለው። 532 ለ4 ሲካፈል 133። 133 በ1,461 ሲባዛ 194,313።

አሁን አመጣጡን እንዳላወቅን ሆነን እንበትነው፤ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት አድርገን እንጻፈው። ጎዶሎ ነው፣ 2 ወደቀ። መጨረሻው 3 ስለሆነ 5ም ወደቀ። አሃዞቹን ደምሩ፦ 1+9+4+3+1+3=21። 21 ለ3 ያለቀሪ ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም። ቁጥሩም እንደዚያው ነው።

7 ላይ ተማሪ ሁሉ ይፈራል። ምንም አያስፈራም። ቁጥሩን ኮማው ላይ ቁረጡት፦ 194 እና 313። ከ313 ላይ 194 ቀንሱ፤ 119 ይቀራል። 119 ደግሞ 7 ጊዜ 17 ነው። በቃ፣ ለ7 ይካፈላል! ለምን? 7×11×13 ሲባዛ 1,001 ይሆናል። 194,313 ደግሞ 194 ጊዜ 1,001 ሲደመር 119 ነው። ስለዚህ በአንድ መቀነስ ሦስት ቁጥር ፈተናችሁ ማለት ነው። 119 ለ11ም ለ13ም አይካፈልም፤ ሁለቱን ሰርዟቸው።

ለ7 ስናካፍለው 27,759፣ ያንን ለ3 ስናካፍለው 9,253። 17 እምቢ ይላል። 19 ይገባል፤ 487 ይቀራል። 487 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ለማጣራት እስከ 22 ብቻ ሞክሩ። 23 በ23 ሲባዛ 529 ስለሆነ ከዚያ በላይ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። የሚያካፍለው አታገኙም። እንግዲህ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

ዲያቆኑ 7ንና 19ን ሲያይ ሳቀ። 7 ዐውደ ዕለቱ (የሳምንቱ ቀናት)፣ 19 ንዑስ ቀመሩ (የጨረቃው የ19 ዓመት ዙር) ነዋ! 7 ስላለበት 532 ዓመቱ በሙሉ ሳምንት ይዘጋል፤ ዕለቱ ዝንፍ አይልም። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። 532 ዓመት ወደኋላ ብትሄዱ፣ በ1485፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ ያኔም ሚያዝያ 12 ነው።

አካፋዮቹን ለመቁጠር መዘርዘር አያስፈልግም። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች የመጡት አንዴ አንዴ ነው። እያንዳንዱን «ይግባ ወይስ ይቅር?» በሉ፦ 2×2×2×2፣ 16 አካፋይ። ከነሱ ውስጥ 10,227 የ28 ዓመት ቀን ነው፤ ዐውደ ፀሐይ። 27,759 ደግሞ የ76 ዓመት ቀን ነው፤ ማዕከላዊ ቀመር። ይኸው 27,759 ተመልሶ የ532 ዓመቱ የሳምንታት ብዛት መሆኑ ይገርማል።

አንድ ልጨምር። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች፣ ከ1 በቀር ከሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ከአራቱ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ አንድ እየቀነሳችሁ አባዙ፦ 2×6×18×486=104,976። ስኩዌር ሩቱን ስታወጡ ድፍን 324 ይመጣል። ይህኛው ከፋሲካ ጋር ምንም አያገናኘውም። እኔን ግን ደስ ይለኛል።