ሮም ያልሆነችው ሮም፦ በሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የክፍሌን መጋረጃ ገለጥ አደረግሁ። መርከቡ በየቀኑ የሚያድለው የዕለቱ ወረቀት ላይ በትልቁ "ሮም" ተብሎ ተጽፏል። ከመስኮቱ ባሻገር የሚታየው ግን ክሬን፣ የኮንቴይነር ክምርና ሲጋራ የሚያጨስ አንድ የወደብ ሠራተኛ ነው። ኮሎሲየም የት እንዳለ ለመጠየቅ ወደ እንግዳ መቀበያው ስወርድ፣ ከፊቴ የተሰለፉት ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ቆመዋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሼበታለሁ፤ አንዴም አክስቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ። ባሕሩ ራሱ ብዙም አላስቸገረኝም። ችግሩ መርከቡ መልሕቅ ከጣለ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የገጠመዎትን ከታች ይፈልጉ፤ ምክንያቱንና መላውን አብሬ አስቀምጫለሁ።

"ከተማው የታለ?"

የሚሸጥልዎት የታዋቂው ከተማ ስም ነው፤ መርከቡ የሚቆመው ግን ለከተማው በሚቀርበው ትልቅ ወደብ ነው። "ሮም" የተባለው ቺቪታቬኪያ ሲሆን ከሮም ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል። "ፍሎረንስ" ሊቮርኖ ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። የባሰችው ቬኒስ ናት። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ስለተከለከሉ፣ "ቬኒስ" የተባለው ጉዞ ራቬና ወይም ትሪየስቴ ላይ ሊያወርድዎት ይችላል። ከዚያ ቬኒስ ለመግባት በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

መፍትሄው ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ይጀምራል። ከከተማው ስም ቀጥሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የወደቡን ስም ያንብቡ፤ ከዚያ ሂሳብ ይሥሩ። መርከቡ በወደቡ 12 ሰዓት ይቆያል እንበል። ለመውረድ አንድ ሰዓት ይቀንሱ። መውጫው ከመዘጋቱ በፊት ለመመለስ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀንሱ። የሮም መንገድ ደርሶ መልስ፣ ወረፋውንና ጥበቃውን ጨምሮ፣ ሦስት ሰዓት ይበላል። የቀረዎት ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ምሳም ከዚሁ ነው የሚቆረጠው። በዚህ ጊዜ ቫቲካንንም ኮሎሲየምንም አያለሁ ያለ ሰው ሁለቱንም ከአውቶቡስ መስኮት ነው የሚያየው። አንዱን ይምረጡ።

ከቺቪታቬኪያ በራስዎ ለመሄድ ከመርከቡ ሥር በሚነሳው የወደቡ ነጻ አውቶቡስ እስከ ላርጎ ዴላ ፓቼ ይሂዱ፤ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው። ሐሳብዎ ቫቲካን ከሆነ ሮም ሳን ፒየትሮ ጣቢያ ይውረዱ፣ ቀሪው በእግር ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ናቸው፤ የፍሎረንሱ የሥዕል ሙዚየም ኡፊትሲ ደግሞ ሰኞ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ትከሻና ጉልበቱ የተገለጠ ሰው አያስገባም፤ በር ላይ ሻርፕ ለመግዛት ከሚንጋጋው ሕዝብ አጠገብ አክስቴ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሰተት ብለው ገብተዋል። ወደ ኮሎሲየም የሚሄዱ ከሆነ እስከ ቴርሚኒ ይቀጥሉ። ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ሐውልት አለ። አስጎብኚዎች አያሳዩትም፤ እኔ ግን የሮምን ጉብኝቴን ሁሌም ከዚያ ነው የምጀምረው።

ይህ ሁሉ ስሌት ያደከመው ሰው ኔፕልስን ይጠብቅ። እዚያ መርከቡ ከተማው እግር ሥር ነው የሚቆመው፤ መንገድ ተሻግረው ፒሳ መብላት ነው።

"ገና ሳልሳፈር መለሱኝ"

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ከሁሉ የከፋው ችግር ይህ ነው፤ ገንዘቡም አይመለስም። ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚሠራው የሸንገን ቪዛ አለዎት፣ ቀኑም አላለፈም። ነገር ግን መርከቡ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ የቱርኳን ኩሻዳሲ ረግጦ ወደ ግሪክ ደሴቶች ይመለሳል። ቱርክ ሸንገን ውስጥ አይደለችም። የሞንቴኔግሮዋ ኮቶር፣ አልባኒያና ቱኒዝያም እንደዚያው ናቸው። መርከቡ ወጥቶ ሲመለስ እርስዎም ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ ማለት ነው። ቪዛዎ ላይ የመግቢያው ብዛት በሚጻፍበት ቦታ "1" የሚል ቁጥር ካለ፣ ኩባንያው ገና በመነሻው ወደብ ላይ አያሳፍርዎትም። "ኩሻዳሲ ላይ አልወርድም" ማለት አያድንም።

ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የመርከቡን ሙሉ የጉዞ ዝርዝር አያይዘው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቁ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ስለሚፈጅ ቀደም ይበሉ። የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ወደሚቆዩበት አገር ቆንስላ ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ወደሚገቡበት። ከሸንገን ውጪ ያሉት አገሮች የራሳቸውን ቪዛ ይጠይቁ እንደሆነም ለየብቻ ያጣሩ። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ልብ በሉ፤ ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን አይተካም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድም አይተካም።

"በሰዓቱ ደርሼ አረፈድክ ተባልኩ"

መርከብ ላይ ሦስት ሰዓት አለ፤ የመርከቡ፣ የወደቡና የስልክዎ። ለእኛ አራተኛ ይጨመርበታል።

ከጣሊያን ወደ ግሪክ ሲሻገሩ ሰዓቱ በአንድ ይቀድማል። አንዳንድ መርከብ ሰዓቱን ይቀይራል፣ አንዳንዱ የተነሳበትን ይዞ ይቆያል። ስልክ ደግሞ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን አውታር ነው። በኮርፉ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ በኩል ከባሕሩ ማዶ የአልባኒያን አውታር ይይዝና ሳያስጠነቅቅ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። እርስዎ ገና ሰዓት አለኝ ብለው ዋናዎ ላይ ነዎት፣ መርከቡ መሰላሉን እየሰበሰበ ነው። መፍትሄው ስልኩ ሰዓቱን በራሱ እንዳይቀይር መዝጋትና ከመርከቡ ሰዓት ጋር በእጅ ማስተካከል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ተራ የእጅ ሰዓት ነው።

አራተኛው ሰዓት የእኛው ነው። አቴንስ ላይ እኔ ሳልወርድ ቀርቼ አክስቴንና የእህቴን ልጅ ላክኋቸው። በሜትሮ ሞናስቲራኪ አደባባይ ደረሱ። አክስቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አክሮፖሊስን ለልጁ ተዉለትና "በአራት ሰዓት እዚችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንገናኝ" አሉት። ልጁ ያደገው ዋሽንግተን ነው። እሳቸው ሱቁን ዞር ዞር ብለው በአራት ሰዓት፣ ማለትም በ10:00፣ ፓንታናሳ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። እሱ ለ16:00 አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰዓት አክባሪነቱ እያኮራው፣ አይስክሬም ይዞ መጣ። አክስቴ ስድስት ሰዓት ሙሉ ነጠላቸውን ተከናንበው ጥላ ሲከተሉ ነው የዋሉት። መርከቡ በሩን የሚዘጋው በ17:30 ነበር፤ ፒሬየስ ላይ ከጣቢያው እስከ መርከቦቹ ያለው መንገድ ደግሞ ጉልበት ለሚያም ሰው አይመከርም። ደረሱ። እስከ እራት ድረስ ግን አላናገሩትም።

አሁን በቤተሰባችን ቀጠሮ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 16:00 ብሎ የጻፈ ሰው አያሻማም፤ ስድስት ቀንሶ "አሥር ሰዓት" ማለት የአንባቢው ፈንታ ነው።

"መርከቡ ጥሎኝ ሄደ"

ይሄዳል። የሚጠብቀው ራሱ የሸጠውን ጉብኝት አውቶቡስ ብቻ ነው። በግልዎ ወጥተው ከቀሩ የመርከቡን የወደብ ወኪል ይፈልጉ። ስልኩ በዕለቱ ወረቀት ላይ ስለሚገኝ ጠዋት ከመውረድዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ከክፍልዎ ካዝና ፓስፖርትዎን አውጥተው ለወኪሉ ይተዋሉ። ወደሚቀጥለው ወደብ የሚሄዱት በራስዎ ወጪ ነው።

ጣሊያን ውስጥ "ሾፔሮ" የሚል ቃል ጣቢያ ላይ ካዩ ወይም ከሰሙ የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ያን ቀን ሩቅ አይሂዱ። በሌላ ቀንም ካሰቡት ባቡር ሁለት የሚቀድመውን ይያዙ። በወረቀት የተቆረጠ የአካባቢ ባቡር ትኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን መመታት አለበት፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠርና ተቆጣጣሪው ይቀጣዎታል። የቀረው የጣሊያን ምልክት ለእኛ አይከብድም። ፌርማታው ፌርማታ፣ መርካቶውም መርካቶ ነው።

"ሳንቶሪኒን አየኋት፣ አልረገጥኋትም"

ሳንቶሪኒ ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ የጉብኝት መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የለም። መርከቡ እሳተ ገሞራው ባሰመጠው ገደል መሐል ይቆምና ሰው በትናንሽ ጀልባ ይወርዳል። ከጀልባው ማረፊያ እስከ ፊራ ከተማ ያለው ቀጥ ያለ ገደል ነው። የሚወጣው በኬብል፣ በአህያ ወይም 600 ገደማ የሚሆኑ ደረጃዎችን በእግር ነው። ብዙ መርከብ በአንድ ቀን ሲገናኝ የኬብሉ ወረፋ ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ ማታ ለመውረድ ደግሞ ያው። ለመውጣት ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች በአንዱ ይሳፈሩ። ሲመለሱ ጉልበትዎ ከፈቀደ በደረጃው ይውረዱ፤ የአህያ ፋንድያ ስላለበት የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም።

አንዳንዴ ጀልባው ጭራሽ አይወርድም። በሐምሌና ነሐሴ መልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ የኤጅያንን ባሕር ሲያምሰው ካፒቴኑ ማይኮኖስን ወይም ሳንቶሪኒን ሰርዞ ያልፋል። ለዚህ መፍትሄ የለውም። ደሴት ላይ አስቀድመው የሚከፍሉት ነገር ሁሉ የሚሰረዝ ዓይነት ይሁን።

ያው ነፋስ ሆድንም ይገለብጣል። ዓይን "ክፍሉ ቆሟል" ይላል፣ የውስጥ ጆሮ "እየተናጥን ነው" ይላል፤ ማቅለሽለሹ ከዚህ ጠብ የሚመጣ ነው። ወደ ውጪ ወጥተው አድማሱን ይመልከቱ፣ ዝንጅብል ያኝኩ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከመታመም በፊት ሲወሰድ ነው፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ገና ክፍል ካልያዙ በመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ባለው ፎቅ ይያዙ። ውዱ የላይኛው በረንዳ ከሁሉ የበለጠ የሚወዛወዘው ነው።

"የስልክ ሂሳቡ ከትኬቱ በለጠ"

መርከቡ ከወደብ ሲርቅ በሳተላይት የሚሠራ የራሱን የስልክ አውታር ይከፍታል፤ ስልክዎም ሳይጠይቅዎት ይይዘዋል። የአውሮፓ ሲም ካርድ ቢኖርዎትም በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ያለው የዋጋ ሕግ ይህን አይሸፍንም። መልሕቁ ሳይነሳ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ካስፈለገ ዋይፋዩን ብቻ ይክፈቱ።

"ጀበናዬን ወሰዱብኝ"

ጀበናው ራሱ ወንጀል የለበትም፤ የተያዘው ምድጃው ነው። መርከብ ላይ እሳት ከማዕበል በላይ ይፈራል። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሻማ፣ ከሰልና የሚጨስ እጣን መሳፈሪያው ላይ ይያዛሉ፤ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ይመለሳሉ። አክስቴ አምስት ቀን በመርከቡ ቡና ላይ ሲያማርሩ ሰንብተው፣ ኔፕልስ ላይ አንድ ኤስፕሬሶ ቆመው ጠጡና "ይሄስ ይሁን" አሉ።

ጉዞው ፍልሰታ ላይ ከወደቀ ለአስተናጋጁ "ቬጀቴሪያን ነኝ" አይበሉ፤ እንቁላልና አይብ ይመጣል። ቃሉ "ቪጋን" ነው፤ ለመጀመሪያው እራት አስተናጋጅ አንዴ ከነገሩት ሳምንቱን ሙሉ ያስታውሳል።

"ሻንጣዬ የለም"

በመጀመሪያው ቀን ከሆነ አይደንግጡ፤ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒትና ፓስፖርት ከእጅዎ አይለዩ።

በመጨረሻው ቀን ከሆነ ግን ጥፋቱ የራስዎ ነው። በመጨረሻዋ ሌሊት ሻንጣውን በር ላይ ያስቀምጡ ይባላል፤ ሠራተኞቹ በሌሊት ይወስዱታል፤ የሚገናኙትም ጠዋት ወደቡ ላይ ነው። ሰው ሁሉንም ነገር አጥፎ ከትቶ ይተኛል፤ ነገ የሚለብሰውንም ጭምር። ጄኖቫ ላይ በቢጃማ ሱሪና በሚስቱ ሹራብ ሆኖ ሻንጣውን የሚፈልግ አንድ ጎልማሳ አይቻለሁ። ጫማው ግን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቆዳ ነበር፤ ከእራቱ በኋላ አልጋ ሥር ተረስቶ የተረፈለት።