ከደሴ እስከ ጨፋ፦ ቦርከናን ተከትሎ የሚደረግ የወፍና የባህል ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

የወንዝ ጉዞ ሲባል ብዙ ሰው ጀልባ ይጠብቃል። ቦርከና ጀልባ የሚሸከም ወንዝ አይደለም። ጉዞው ግማሹ በመኪና ግማሹ በእግር ነው፤ ወንዙን ትከተሉታላችሁ፣ ትተዉታላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ደግሞ ታገኙታላችሁ። ውሃው ከኩታበር በኩል ካሉት ከፍታዎች ይነሳል፣ በደሴ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ሐርቡንና ከሚሴን ተከትሎ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። መድረሻው አዋሽ ነው፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ከሚሴ ደግሞ ከ1,500 በታች። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ቀትር ላይ የግራር ጥላ ይፈልጋል። በዚህች አጭር መንገድ ዛፉም፣ ወፉም፣ የሰዉም ቋንቋ ይለወጣል። ከዚህ የተሻለ ጉዞ በወሎ ምድር አላውቅም።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። ክረምቱ የተወው ውሃ ገና አልደረቀም፣ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹት ነጫጭ ረጅም እግር ወፎች ደርሰዋል፣ ቆላው ሲደርቅ ደግሞ ከአፋር በኩል ያሉ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ሣር ይመጣሉ። ወፉንም ሰዉንም አንድ ላይ የምታገኙት ያን ጊዜ ነው። በክረምት አትሂዱ፤ ጥቁሩ አፈር መኪናም እግርም አይለቅም።

የበልግ ዝናብ ከጀመረ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደሴ ላይ የዘነበ ዝናብ ታች ፀሐይ እየወጣ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ብሏል ብላችሁ መልካውን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ አትሻገሩ። ወደ ደሴ ደውሉ፣ ወይም ከብት ነጂዎቹ ሲሻገሩ ጠብቁና ተከተሉ።

ቀኑን ሳምንቱ ይወስናል። ቅዳሜ ጨፋ፣ ማታ ከሚሴ ማደር፣ እሑድ የሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ፤ ይህ ቅደም ተከተል እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም። ዓርብን ተዉት፤ የጁምዓ ሰዓት አስጎብኚያችሁም አስተናጋጆቻችሁም መስጊድ ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከወረዳው አስተዳደር አጣሩ፣ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱም የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ይህ አይዘለልም።

አስጎብኚ አንድ ሳይሆን ሁለት

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የምትይዙት አስጎብኚ መንገዱን፣ ሆቴሉንና መኪናውን ያውቃል። ለረግረጉ ግን የዚያው ቀበሌ ልጅ ያስፈልጋል። ኦሮምኛ የሚናገር፣ ቢቻል አፋርኛም የሚሰማ፣ ሽማግሌዎቹ በአባቱ ስም የሚያውቁት ሰው። በበጋ የተለያዩ ማኅበረሰቦች በአንድ ሣርና በአንድ ውሃ ላይ ይገናኛሉ። ሣሩ የማን ተራ እንደሆነ፣ የትኛው መልካ ለጥጃ የተተወ እንደሆነ የሚያውቀው ይህ ልጅ ነው። እሱ ሳይኖር ከብት መሀል የገባ እንግዳ ማን እንደላከው አይታወቅም፣ ሰዉም በትክክለኛ ምክንያት ይጨነቃል።

ስትቀጥሩት «ወፍ ታውቃለህ?» አትበሉት፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ከብቱ ትናንት የት አደረ? በዚህ ሳምንት መሻገሪያው የት ነው?» በሉት። ሳያስብ ከመለሰ ያዙት። የቀን አበሉን፣ ምሳውን፣ የመመለሻ ትራንስፖርቱን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ለሰፈሩ የምትሰጡት ነገር ካለ በእሱ በኩል ለሽማግሌው ይድረስ። ለልጆች ብር ወይም ከረሜላ መበተን ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ የሚያስከብበው እሱ ነው።

ዳጉው እስኪያልቅ መቀመጥ

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉትን የወሬ ልውውጥ ያደርጋሉ። ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ዝናብ የት ጣለ፣ የታመመ ከብት አለ ወይ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው በተራው የራሱን ይናገራል። ይህ ሥራ ነው። በበረሃ መንጋን የሚያተርፈው ትክክለኛ ወሬ ነውና አሳንሶ መናገርም አጋንኖ መናገርም ነውር ነው። አስጎብኚያችሁ ከመንጋው ባለቤት ጋር ቁጢጥ ብሎ ሲነጋገር የምታዩት ይህንን ነው። ረዘም ይላል። በመሀል ሰዓት የሚያይ፣ «እንሂድ እንጂ» የሚል፣ ካሜራ የሚያወጣ ሰው ጉዞውን እዚያው ያበቃዋል። ከከተማ የመጣ አንድ ቡድን ዳጉው ሳያልቅ ወደ ግመሎቹ ሲጠጋ አይቻለሁ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ መንጋው ግን ተነድቶ ሄደ፣ ቀኑን ሙሉ ያገኙት አቧራውን ነው።

እናንተም ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ ከደሴ ስትወርዱ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ውረዱ። ወደ ኮምቦልቻ መውረጃው ሐረጎ ላይ ጭጋግ ነበር? ኮምቦልቻ ላይ ወንዙ ደፍርሶ ነው ያያችሁት? የበሬ ዋጋ ስንት ነው? ሽማግሌው «ደሴ ዘንቧል?» ካላችሁ፣ ዘንቧል ማለት ብቻ አይበቃውም፤ ቀን ነው ሌሊት፣ ካፊያ ነው ዶፍ፣ ይላችኋል። ውሃው ወደ እሱ ስለሚወርድ የሚጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። ያላያችሁትን አላየንም በሉ። ከስጦታ ሁሉ ይልቅ የሚያስከብራችሁ ይህ መልስ ነው። ሐጅ ያደረገ ከሆነ «ሐጂ» በሉት፣ ካላወቃችሁ «አባባ» አያሳፍርም፤ ሰላምታው «አሰላሙ አለይኩም» ነው።

ወተት ከቀረበላችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ያልፈላ ወተት በሽታ ያስተላልፋል፤ ልጁ አስቀድሞ ቢነግርላቸው ያፈሉላችኋል፣ ማንም አይቀየምም። ፎቶ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሴቶችን ለማንሳት የሚጠየቁት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው፣ «እሺ» ያለው ወንድማቸው አይበቃም።

ዕቃ

ባይኖኩላር፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር፣ ካላችሁ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው 8×42 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። በኔ ግምት ውድ ካሜራ ከመግዛት ደህና ባይኖኩላር መዋስ ይሻላል። ረጅም እጅጌ፣ ውሃ፣ ባርኔጣ፤ ለከሚሴ አዳር አጎበር። ወባ አለ።

ጫማ ላይ ግን አልደራደርም፤ ውሃ የማያስገባ ቦቲ። ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ትል ይለቃሉ፣ ትሉም ቁስል ሳይፈልግ በደህና ቆዳ ይገባል። እግርን ለማቀዝቀዝ ጫማ አውልቆ መግባት ለወራት ሕመም በቂ ነው። ኮምቦልቻ አካባቢ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚቀላቀል ወንዙ ዳር ምሳ አትዘርጉ። የእግር መንገዱን ከሐርቡ በታች ጀምሩ።

ወፎቹን እንዴት እንደምታዩ

ከደሴ ሳትወጡ ጀምሩ። ማለዳ ሣር ላይ ምንቃሩን እየሰካ ትል የሚፈልገው፣ ሲነሳ የሚጮኸው፣ አንገቱ ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበት ጥቁር ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታዎች ውጭ በዓለም የለም። ደሴዎች በየቀኑ ስለሚሰሙት ቀና ብለው አያዩትም፤ ስለሱ ብሎ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ሰው ግን አለ።

ጨፋ ላይ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ወፍ ለመፈለግ ወፍ አትፈልጉ፣ ከብት ፈልጉ። ነጭ ሳቢሳ ከላሟ ኮቴ አንድ ስንዝር ርቆ ይሄዳል። ላሟ ስትረግጥ ፌንጣው ይዘላል፣ አንገቱ ይወነጨፋል፣ ፌንጣው የለም። ላሟ ስትቆም እሱም ይቆማል። ከመንጋው ጋር የተቀመጠ ሰው ይህን በአምስት እርምጃ ርቀት ያያል፣ ብቻውን የሚያሳድድ ግን ሲበር ብቻ ያየዋል።

ውሃ ላይ በተኛ ቅጠል የሚራመድ፣ ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም የሆኑ ቡናማ ወፍ ካያችሁ ቁሙ። እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ወንዙ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የጭራሮ ክምር የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ ዙሩና ጎኑን እዩት፤ በጭቃ የተለሰነ ክብ ቀዳዳ ካገኛችሁ ጭንቅላቱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ ቤት ነው። ከዛፉ ሥር ጫጫታ አይደረግም። ዝንጀሮ ከመጣ ምግባችሁን ቦርሳ ውስጥ ዝጉ፣ በምንም ዓይነት አታጉርሱት፤ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የሚገባው የገበሬ ማሳ ነው።

ገበያዎቹ

ሰንበቴ ከከሚሴ ወደ ደቡብ ነው፤ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚሌ መንገድ። ረፋዱ ላይ ድረሱና በቀጥታ ወደ ግመል ተራ ውጡ፣ እህሉና ጨርቁ ቀኑን ሙሉ አለ። ሻጭና ገዥ ሲደራደሩ መሀል አትቁሙ።

ጀልባ የግድ ካስፈለጋችሁ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዳለችው ሐይቅ ከተማ ሂዱ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚያው ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ቡድናችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ፎቶ ያነሳችኋቸውን ሰዎች ፎቶ ደሴ ፒያሳ ላይ አሳጥቡና በጨፋው ልጅ እጅ ላኩ። ስልክ ላይ ማሳየት አይበቃም፣ ወረቀቱን ነው የሚፈልጉት፤ ለእሱም የማሳጠቢያውን ሳይሆን የመንገዱን ጨምሩለት።