የዝንጅብል ኬኩ ለምን ሰመጠ? ክሬሙስ ለምን ፈሰሰ?

ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ ፎቶ በፎቶ ይሆናል። እህቴ ከአዲስ አበባ ትልካለች፣ ጓደኞቼ ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ሆነው ይልካሉ። ፎቶው ሁሌም ያው ነው። መሃሉ የሰመጠ ወይም ጫፉ የከሰለ ጂንጀርብሬድ፣ ከሥሩ "ምን አጥፍቼ ነው?" የሚል ጽሑፍ። ዘንድሮ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማታውቁት፣ ይሄ የአሜሪካኖች የገና ሰሞን ኬክ ነው። ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚቀር ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ያለበት ሊጥ በአንድ ፓትራ ተዘርግቶ ይጋገራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ክሬም ይቀባል፣ ከዚያ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። እንደ ዝንጅብል ብስኩት ሊጥ መዳመጥና በቅርጽ ማውጣት አያስፈልገውም። ልጆች ላሉበት ቤት ከዚህ የሚቀል የገና ኬክ አላውቅም።

ሁላችንም ስለ አንድ ነገር እንድናወራ የኔን ልኬት ልስጣችሁ። 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ 1 ተኩል ቀረፋ፣ ሩብ ቅርንፉድ። በሌላ ሳህን 170 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 1 እንቁላልና 110 ግራም ሞላሰስ። ፓትራው 23 በ33 ሴንቲ ሜትር ነው። ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካ ኦቨን 350 ፋራናይት ማለት ነው። ጊዜው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ።

መሃሉ ሰመጠ

ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ስላልሆነ ከመናደዳችሁ በፊት ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት።

ውስጡ የሚያጣብቅ ሊጥ ከሆነ አልበሰለም። የኦቨኑ ቁልፍ 175 ላይ ስለቆመ ውስጡ 175 ደርሷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ኦቨን 10 እና 15 ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስታል። ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ውስጥ አንጠልጥሉ፣ ከዚያ በኋላ የሌላውንም ኬክ ችግር ግማሹን ታገኙታላችሁ። ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቱ። ሊጡ ገና ሳይጸና ቀዝቃዛ አየር ሲገባበት ይቀመጣል።

ውስጡ በስሎ፣ ግን ትልልቅ ቀዳዳ ኖሮት መሃሉ ከተቀመጠ ሶዳው በዝቷል። ማንኪያውን ቆልላችሁ ለክታችሁ ይሆናል። በቢላ ጀርባ ደልድሉት።

አዲስ አበባ ላላችሁ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ከፍታውን ነው። እህቴ ለሁለት ዓመት "የኔ እጅ ለኬክ አይሆንም" እያለች ራሷን ስትወቅስ ነበር፣ እኔም እዚህ የሚሠራልኝን ልኬት እንዳለ እየላክሁላት ሳላውቅ አስቸገርኳት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ከሶዳው የሚወጣው ጋዝ ቶሎና ብዙ ይነፋል፣ ሊጡ ደግሞ ገና አልጸናም፣ ስለዚህ ሽቅብ ይወጣና ይወድቃል። ውሃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። የአሜሪካ የምግብ አሠራር አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነው የተጻፈው። እጃችሁ ምንም አላጠፋም።

እንዲህ አስተካክሉት። ሶዳውን ከ1 ወደ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ አውርዱ፣ ካልበቃ ወደ ግማሽ። ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ሙቀቱን ወደ 185 ከፍ አድርጉና ከ18ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ እዩት። እህቴ መጀመሪያ ሶዳውን ብቻ ቀነሰች፣ ኬኩ ደልደል ብሎ ወጣ፣ ግን ትንሽ ደረቀባት። በሚቀጥለው ወተቱን ጨመረች፣ ያኔ ተስተካከለ። እናንተም እንደሷ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ አራቱን በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ዴንቨር ያላችሁ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ የዚህን ግማሽ ያህል ማስተካከል ይበቃችኋል።

እንዲያውም ካልተነሳና ጥቅጥቅ ካለ ሶዳው ሞቷል። አንድ ቁንጥር ሶዳ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ካልፈላ ጣሉት።

መብራት ከጠፋ ደግሞ በሩን እንደተዘጋ ተዉት። ትንሽ ቆይቶ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ጠፍቶ በዚያው ከቀረ ግን ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ መብራት ሲመጣ አብስሉትና ቆራርሳችሁ ከወተት ጋር ብሉት፣ ጣዕሙ የትም አይሄድም።

ደረቀ፣ ጠነከረ

ዘጠና በመቶ ዱቄቱ ነው እላለሁ፣ ፎቶ ሳላይም። ኩባያውን የዱቄቱ ከረጢት ውስጥ ነክራችሁ ስታወጡ 120 ግራም መሆን ያለበት 150 ይሆናል። ለሁለት ኩባያ ተኩል ሲሰላ 75 ግራም ትርፍ ዱቄት ነው! ሚዛን ካላችሁ መዝኑ። ከሌላችሁ ዱቄቱን በማንኪያ እያነሳችሁ ኩባያው ውስጥ ሳትጠቀጥቁ ጨምሩና በቢላ ጀርባ ደልድሉ።

ሁለተኛው ብዙ መቆየቱ ነው። ነጭ ኬክ ሲበዛበት ጠይም ብሎ ይነግራችኋል፣ ይሄኛው ግን ከመጀመሪያውም ጥቁር ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ጫፉን እዩ፤ ከፓትራው ግድግዳ ትንሽ መላቀቅ ሲጀምር ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ውጉ። ሊጥ ይዞ ከወጣ ይቆይ። ጥቂት እርጥብ ፍርፋሪ ከያዘ አውጡት። ስቴኪኒው ፍጹም ደረቅ እስኪሆን ከጠበቃችሁ አልፎበታል፣ ምክንያቱም ትኩሱ ፓትራ ከወጣም በኋላ ማብሰሉን አያቆምም።

ዱቄቱን ከጨመራችሁ በኋላም ብዙ አታማስሉ። ነጩ ዱቄት ከዓይን ሲጠፋ በቃ።

የደረቀውን ለማዳን፦ ክሬም ካልቀባችሁት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከአንድ ቁራጭ ትኩስ ዳቦ ጋር አሳድሩት። ዳቦው ይደርቃል፣ ኬኩ ይለሰልሳል።

መረረ

ሞላሰስ ዓይነት አለው። ቀለል ያለው፣ ጥቁሩና ብላክስትራፕ የሚባለው። ብላክስትራፕ ስኳሩ እስከ መጨረሻ ተጨምቆ የወጣለት ስለሆነ በጣም ይመራል፣ ለዚህ ኬክ አይሆንም። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታዩ አትግዙ።

አገር ቤት ያላችሁ አንድ ነገር አደራ። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ሞላሰስ አለ፣ ለከብት መኖና ለአልኮል ነው የሚውለው። ለሰው ምግብ ተብሎ ያልታሸገ ሞላሰስ ቤታችሁ አታስገቡ። በምትኩ 110 ግራም ጠቆር ያለ የተጣራ ማር አድርጉ። ማሩ ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ (ከፍታው ካስቀነሳችሁ ሌላ)። ማር ቶሎ ይጠቁራልና ከላይ ሙቀት ጨምሩ ያልኩትን እዚህ ተዉት፣ 170 አካባቢ ላይ አቆዩት። ጣዕሙ ልክ እንደ ሞላሰሱ አይሆንም፣ ግን እኔ እንዲያውም ወድጄዋለሁ።

ምሬቱ እዚህም እዚያም ከሆነና ሳሙና ሳሙና ካለ ሶዳው ተጓጉሎ ነው። ከዱቄቱ ጋር በወንፊት ንፉት። አፍ የሚያደነዝዝ ዓይነት ከሆነ ቅርንፉዱ ነው፣ ከሩብ ማንኪያ አታሳልፉት።

ዝንጅብሉ አይሰማም፣ ወይም በርበሬ በርበሬ ይላል

ዓመት ያለፈው ዱቄት ቅመም ሽታው ሄዷል። ክዳኑን ከፍታችሁ ካልሸተታችሁ ኬኩ ውስጥም አትጠብቁት። ደረቁን ዝንጅብል ራሳችሁ ከፈጫችሁት ግን ከሱቁ የበለጠ ኃይል ስላለው በአንድ ተኩል ማንኪያ ጀምሩ። መፍጫው ደግሞ በርበሬ ወይም መከለሻ የተፈጨበት ከሆነ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ፈጭታችሁ ድፉት፣ ሽታውን ይዞ ይወጣል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ጨምሩበት። የግል ምርጫዬ ነው፣ ግን ሞክሩት።

ጫፉ ድንጋይ፣ መሃሉ ሊጥ

ፓትራው ነው። ጥቁር ብረት ጫፉን ቶሎ ያከስላል፣ ሙቀቱን በ15 ዲግሪ ቀንሱለት። የመስታወት ከሆነም እንደዚያው። ከታች ብቻ የሚያቃጥል ትንሽ ኦቨን ካላችሁ መደርደሪያውን ወደ መሃል አውጡና ከፓትራው ሥር ሌላ ባዶ ፓትራ ደርቡ።

ሲቆረጥ ተፈረፈረ

ትኩስ ነበር። ይቀዝቅዝ። ከመጋገራችሁ በፊት የመጋገሪያ ወረቀት ሁለት ጎን ተርፎ እንዲንጠለጠል አድርጋችሁ ካነጠፋችሁ ሙሉውን አንስታችሁ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሩት፣ ጥረጉት፣ ቁረጡ፤ ለእያንዳንዱ መስመር እንደገና።

ክሬሙ ፈሰሰ

እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የምጠይቀው ኬኩ ቀዝቅዞ ነበር ወይ ነው። "አዎ፣ ብዙም አይሞቅም ነበር" ከተባልኩ ምክንያቱን አገኘሁ። ከላይ የቀዘቀዘ ይመስልና መሃሉ ለብ ያለ ነው፣ ቅቤውን ያቀልጠዋል። መዳፋችሁን ከፓትራው ሥር አድርጉ። ምንም ሙቀት ካልተሰማችሁ ብቻ ቀቡ፣ ይሄ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አስቀድማችሁ ቀብታችሁት መፍሰስ ከጀመረ ፓትራውን እንዳለ ፍሪጅ አስገቡና ከአንድ ሰዓት በኋላ በቢላ መልሳችሁ ዘርጉት።

ሳህኑ ውስጥ እያለ ከፈሰሰ ክሪም ቺዙን እዩ። በክብ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውና ቅባቱ የተቀነሰው ውሃ ይበዛዋል፣ በጡብ ቅርጽ የታሸገውን ግዙ። አሠራሩም ለውጥ ያመጣል። 115 ግራም የለሰለሰ ቅቤና 240 ግራም የተነፋ አይሲንግ ሹገር መጀመሪያ በደንብ ይመቱ፣ ከዚያ 225 ግራም ክሪም ቺዝ ከፍሪጅ እንደወጣ በቁራጭ በቁራጭ ጨምራችሁ እስኪዋሃድ ብቻ ምቱት። ሲበዛበት ይላላል። ሲላላ ደግሞ ሁላችንም ስኳር ለመጨመር እንሮጣለን፣ ስኳሩ ግን ከአይቡ ውሃ እየሳበ ይብሱን ያቀጥነዋል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ክሪም ቺዝ ላጣችሁ፣ የኛን አይብ በምትኩ አታድርጉ። ብታጠሉትም ቅንጣቱ አይጠፋም፣ ውሃውም ቀስ እያለ ይወጣል። ቅቤና አይሲንግ ሹገር ብቻ ምቱ፣ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ወተትና ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

ክሬሙ ከጎረበጠ ወይ ቅቤው ቀዝቃዛ ነበር ወይ ስኳሩ አልተነፋም።

የጾም ሲሆን

የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ነው የሚውለው፣ እኛ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነን። ሥራ ቦታ ሁሉም ያመጣል፣ የልጆቹ ክፍልም ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ ለዚያ የጾሙን እሠራለሁ።

በእንቁላሉ ፋንታ 1 የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ሲዝለገለግ ደርሷል። የተቆላው ተልባም ይሠራል፣ ጣዕሙ ግን ትንሽ ይሰማል። በቅቤው ፋንታ 140 ሚሊ ሊትር ዘይትና 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። ለከፍታ ተብሎ የተጨመረው ወተትም ውሃ ይሁን።

ቅባት ቅባት ካለ፣ ዘይቱ ፈልቆ ከታየ፣ ቅቤውን በግራም ለግራም ተክታችሁ ነው። ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፣ ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ቅባት ነው፤ ለዚህ ነው መጠኑ የሚቀነሰው። ከተፈረፈረ ተልባውን አልጠበቃችሁትም።

ለላዩ 240 ግራም አይሲንግ ሹገር ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ለውሱት። ከማንኪያው በዝግታ የሚወርድ መሆን አለበት። ኬኩ ጠጥቶት ከጠፋ ቀጥኗል፣ ስኳር ጨምሩ፤ እዚህ ላይ አይብ ስለሌለ ስኳሩ ያወፍረዋል። ሮያል አይሲንግ የሚባለው የታሸገ ዱቄት የእንቁላል ነጭ አለበት። ማርጋሪንም አንዳንዱ ወተት አለውና ጽሑፉን አንብቡ።

ለገና ሌሊት

ኬኩን ታኅሣሥ 27 ጋግሩት። አንድ ቀን ሲያድር ቅመሙ ይዋሃዳል፣ ሞላሰሱም ያለሰልሰዋል፣ ከተጋገረበት ቀን ይልቅ በማግስቱ ይጣፍጣል። በ28 ከሰዓት ክሬሙን ቀቡና ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ክሪም ቺዝ ያለበት ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም። ከቅዳሴ ስትመለሱ አውጡት፣ ዶሮ ወጡ እስኪሞቅና እስኪቀርብ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።