«ይሄማ ዝም ብሎ አይደለም» ለሚል ሰው እንዴት እንመልስ

ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሰንበቴም ላይ ቡናም ላይ «ከጀርባው ነገር አለ» ሳይባል አይዋልም። መብራት ጠፋ፣ ነገር አለው። ማዳበሪያ ዘገየ፣ ነገር አለው (ይሄን እንኳ አልከራከርም፤ ለምን እንደሚዘገይ ነግሮን የሚያውቅ የለም)። ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሲመጣ ደግሞ «ሊያመክኗቸው ነው» ይባላል። ለዚህ መልስ መስጠት እንጀራዬ ነውና የሚሠራውን ልንገራችሁ።

አፋችሁን ስትከፍቱ «ውሸት ነው» አትበሉ፤ ወሬው የቆመበት እውነት አለ። የ1999ኙ ቆጠራ የአማራን ክልል ሕዝብ ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ አሳንሶ ሲያወጣ ነገሩ ፓርላማ ደርሷል። ሰዉም መርፌ ባየ ቁጥር «ዘራችንን ሊያሳንሱ ነው» እያለ ያቺን ቆጠራ ያነሣል። ጎጃም ደግሞ የቆየ ነገር አለው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው «ርስታችንን ሊነጥቁን ነው» ብሎ ተነሣ፤ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ገዢነታቸው ተነሡ። አያቱ ጠርጥሮ የረታለት ሰው መጠርጠር ሞኝነት አይመስለውም። በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲከርምም ወሬ የሚመጣው በሹፌር አፍ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ «ቁጥሩ ማነሱ እውነት ነው» ብላችሁ ጀምሩና ወደ ትንሹ ነገር ውረዱ።

«እትዬ፣ ተከትባ የመከነች ያውቃሉ?»

«እኔስ አላውቅ፤ ሞጣ አንዷ አለች አሉ።»

«ማን አለ?»

«የጎረቤቴ ምራት።»

«እሷስ አይታታለች?»

«እንጃ... ቆይ ግን ለምን ለሴት ብቻ? ለምንስ በ14 ዓመት?»

እዚህ ስትደርሱ ደስ ይበላችሁ፤ ይሄ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ክትባቱ የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው፤ የማኅፀን በር ያላት ደግሞ ሴት ናት። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ስለሚተላለፍ ክትባቱ አስቀድሞ ሲሰጥ ይበልጥ ይሠራል። በ2011 ሲጀመር በ14 ዓመቶቹ የተወሰነውም በዓለም ላይ ክትባቱ እጥረት ስለነበረበት ነው።

ይሄን ሁሉ ግን በሰው ፊት አታድርጉት። ማኅበር መሀል የተረታ ሽማግሌ ወሬውን እንደ ርስቱ ይሟገትለታል። ሲሸኙ መንገድ ላይ ያዟቸው። ያላወቃችሁትን «ጠይቄ እመጣለሁ» በሉ፣ ደግሞ ተመለሱ፤ የቀረ ሰው «አፉን ዘጉት» ይባልበታል።

ከሁሉ የማጠብቀው ግን የሚያመውን አስቀድሞ መናገርን ነው። የተከተበችዋን ልጅ ክንዷን ያማታል፣ ሊያተኩሳት ይችላል፤ አንዳንዷም መርፌ ፈርታ ራሷን ትስታለች፣ ስለዚህ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ትቀመጥ። ይሄን ለእናቶቹ ከዋዜማው ካልነገራችሁ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ያዞራት ልጅ ማታ ጠላ ቤት «ሞተች» ተብላ ታድራለች።