በኤኤስ/400 ላይ ኤስኪውኤል ከአንድ ሜምበር ሌላ አላይ ሲል ምን ይደረጋል?

ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ድሬዳዋ፣ አንድ የጅምላ መጋዘን ሽያጩን በአሮጌው ኤኤስ/400 ይመዘግባል እንበል። ይህ የአይቢኤም የንግድ ኮምፒውተር ነው፤ ሥርዓቱ ዛሬ አይቢኤም አይ ይባላል። «ሽያጭ» የሚለው ፋይል ለየወሩ አንድ ሜምበር፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ የውሂብ ክፍል፣ አለው፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ 13 ሜምበሮች ማለት ነው። በአርፒጂ ቋንቋ የተጻፉት ፕሮግራሞች በዚህ አሠራር ተስማምተው ኖረዋል። ዘንድሮ የተቀጠረው ልጅ ግን የዓመቱን ሽያጭ በውሂብ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል ሲደምር የመስከረም ብቻ ይመጣለታል። የስህተት መልእክት የለም፣ ድምሩ ብቻ ያንሳል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ኤስኪውኤል የትኛውን ሜምበር እንደሚፈልጉ ካልተነገረው መጀመሪያ የተፈጠረውን ይከፍታል። መፍትሔው ለየሜምበሩ አሊያስ የሚባል ተለዋጭ ስም ማውጣት ነው። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።

መጀመሪያ ያለውን ይቁጠሩ። ኪውሲስ2 በሚባለው የሥርዓቱ ላይብረሪ ውስጥ ሲስፓርቲሽንስታት የሚባለው እይታ የየሜምበሩን ስምና የረድፍ ብዛት ያሳያል። ውጤቱን አስቀምጡት፤ ኋላ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ለየወሩ አሊያስ ይፍጠሩ፦

ክሪኤት አሊያስ መጋዘን.ሽያጭ_ጥቅምት ፎር መጋዘን.ሽያጭ (ጥቅምት)

ከዚህ በኋላ «ሽያጭ_ጥቅምት» እንደ ማንኛውም ሠንጠረዥ ይጠየቃል። ሜምበሩ ገና ባይኖርም አሊያሱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይፈጠራል፣ ስለዚህ 13ቱንም በአንድ ጊዜ መጨረስ ይቻላል። አሊያስን መሰረዝም ውሂቡን አይነካም።

ኦቨርዲቢኤፍ በሚባለው ትእዛዝም ሜምበር መቀየር ይቻላል። እኔ ግን አልወደውም። ትእዛዙን ሳያነሱት ከቀሩ በዚያው ሥራ ውስጥ የሚመጣው ቀጣይ ጥያቄ ሳያስቡት ያንኑ ሜምበር ሊያነብ ይችላል። ለአንድ ጊዜ ምርመራ ይሁን፣ ለዘወትር ሪፖርት አይሁን።

አሁን ወሮቹን ያገናኙ። ከየአሊያሱ ሴሌክት ያድርጉ፣ የወሩን ስም እንደ አንድ አምድ ይጨምሩበት፣ በመሃል «ዩኒየን ኦል» ያስገቡ። «ኦል»ን እንዳይዘነጉ! «ዩኒየን» ብቻውን አንድ ዓይነት ረድፎችን እንደ አንድ ይቆጥራል። በአንድ ቀን ሁለት ደንበኞች እኩል ኩንታል ስኳር በእኩል ዋጋ ቢገዙና የደረሰኝ ቁጥሩን ካላመጡ አንዱ ሽያጭ ይጠፋል፤ ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ምክንያቱን ፍለጋ ያድራል።

ይህን ጥያቄ እንደ ቪው (እንደ ሠንጠረዥ የሚጠየቅ የተቀመጠ ጥያቄ) ለማስቀመጥ ሲሞክሩ ማሽኑ በኤስኪውኤል7030 መልእክት ይመልሳችኋል። ለአንድ ሜምበር በተሰጠ አሊያስ ላይ ቪው አይሠራም። ስለዚህ ወይ ጥያቄውን በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀምጡ፣ ወይ የወር አምድ ያለው አንድ አዲስ ሠንጠረዥ ፈጥራችሁ ከየአሊያሱ ኢንሰርት አድርጉ። ለወደፊቱ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፣ ግን የአርፒጂ ፕሮግራሞቹ እስኪስተካከሉ ድረስ አሮጌውን ፋይል አትንኩ። ያዘዋወራችሁትንም መጀመሪያ ካስቀመጣችሁት የረድፍ ቁጥር ጋር ወር በወር አመሳክሩ፤ ጳጉሜን ጨምሮ።