ሃይድሬቱ እምቢ ሲል፦ የቤተ ሙከራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጋዝ ሃይድሬት ሲያዩት በረዶ ነው የሚመስለው። የውሃ ሞለኪውሎች እንደ ጎጆ ተያይዘው እንደ ሚቴን ያለ ጋዝ በውስጣቸው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ተመራማሪው ሃመርሽሚት የጋዝ ቧንቧ የሚደፍነው ይሄ ነገር መሆኑን ካሳየ ወዲህ የነዳጅ ኬሚስትሪ ባለሙያዎች ከሱ ጋር ግብግብ ላይ ናቸው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆን ብላችሁ ልትሠሩት ስትሞክሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።

ሰዓታት አለፉ፣ ሃይድሬት የለም

መጀመሪያ ግፊቱንና ሙቀቱን አጣሩ። ሚቴንና ንጹህ ውሃ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ 40 ባር ገደማ ይፈልጋሉ። 42 ባር ላይ ያለ ሃይድሬት አይፈርስም፤ አዲስ ለመወለድ ግን ይሄ አይበቃውም። ግፊቱን ወደ 70 ባር አውጡት፣ ወይም ውሃውን ወደ 1 ዲግሪ አቀዝቅዙት።

ካልሆነ ማማሰያውን እዩ። ሚቴን ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በጣም ትንሽ ነው። ውሃው ዝም ብሎ ከተኛ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፣ ከዚያ ጋዙ ወደ ታች ማለፍ ያቅተዋል። ትንሽ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ብትጨምሩ ነገሩ ይፈጥናል፤ ሃይድሬቱ ሲቀልጥ ግን አረፋ ጠብቁ።

የመጀመሪያው ክሪስታል መቼ እንደሚወለድ ዕድልም አለበት። ያው ውሃ፣ ያው ግፊት ሆኖ አንዴ በደቂቃዎች፣ አንዴ በሰዓታት ይመጣል። ስለዚህ እባካችሁ በአንድ ሙከራ ብቻ ድምዳሜ ላይ አትድረሱ።

ግፊቱ ወረደ፣ በመስኮቱ ግን ምንም አይታይም

ጋዝ ሲቀዘቅዝም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲሟሟም ይወርዳል፣ ሲያፈስም ይወርዳል። የሚለየው በግራፉ ላይ ያለው የሙቀት መስመር ነው። ሃይድሬት ሲፈጠር ሙቀት ይለቃል፤ ግፊቱ መውረድ በጀመረበት ቅጽበት የሙቀቱ መስመር እንደ ጥርስ ብቅ ብሎ ይመለሳል። እኔ ይህችን ጥርስ ሳላይ ሃይድሬት ነው አልልም። ከሌለች የሳሙና ውሃ ይዛችሁ መጋጠሚያዎቹን ፈትሹ። ከዚያ ሴሉን (ሃይድሬቱ የሚሠራበትን የግፊት ዕቃ) በናይትሮጅን ሞልታችሁ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ግፊቱ ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዙር በጣም ፈጠነ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንዴ ሃይድሬት የነበረ ውሃ እንደገና ቶሎ ይጋገራል። ውሃው «ትዝታ» አለው ይባላል። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ገሚሱ በውሃው ውስጥ የቀረ አቀማመጥ ነው ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ ሳይወጣ የቀረ ጋዝ ነው። እንደ ፒቪፒ ያለ፣ የሃይድሬትን መፈጠር የሚያዘገይ ኬሚካል የምትፈትኑ ከሆነ ይሄ ውጤቱን ያበላሻል፦ አንዱን በአዲስ ውሃ፣ ሌላውን በድሮው ለክታችሁ ልዩነቱን ለኬሚካሉ ትሰጡታላችሁ። በየዙሩ ውሃውን ቀይሩ። ካልተቻለ ከ25 ዲግሪ በላይ አሙቃችሁ ለሰዓታት አቆዩት፤ ለሁሉም ናሙና ጊዜው እኩል ይሁን።

የሚዛን ነጥቡ ከታወቀው ልክ ከፍ አለ

የሚዛን ነጥብ የምንለው በአንድ ግፊት ላይ ሃይድሬቱ ቀልጦ የሚያልቅበትን ሙቀት ነው። ከፍ ካለ ቸኩላችሁ ነው። ሃይድሬቱ ቀልጦ ሳያልቅ ሙቀቱ ቀድሞት ሄዷል። መጨረሻው አካባቢ በ0.1 ዲግሪ ብቻ እየጨመራችሁ፣ ግፊቱ እስኪረጋ ጠብቁ።

ማስገቢያ ቱቦው ተደፈነ

እዚህ ላይ አደራ። መሃሉን በሙቅ አየር አትንኩት። አንድ ሊትር ሃይድሬት ሲፈርስ ወደ 160 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል፣ መውጫ ካጣ ቱቦውን ይቀደዋል። በአንድ በኩል ብቻ ግፊት ብትለቁ ደግሞ ድፍኑ እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ከሁለቱም ጎን እኩል፣ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት። ለቀጣዩ ጊዜ ቱቦውን ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ አርቁትና ጋዙን ከማስገባታችሁ በፊት በደንብ አድርቁት፤ የደፈነው ውስጡ ቀርታ የነበረች የውሃ ጠብታ ሳትሆን አትቀርም።